የዐይን ብርሃን ከየት መጣ? ስለ ዐይን ኤንዛይሞች ጥንተ ታሪክና በአገራችን ስለ ዳፍንት

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ሀይሌ ጋርመንት በተባለው ሰፈር የሚገኘው የአትክልትና የፍራፍሬ ገበያ ነው። ይህ ገበያ ለብዙ ዘመን በፒያሳ አትክልት ተራ የነበረ ሲሆን፣ በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በመጀመሪያ ወደ ጃን ሜዳ፣ ቀጥሎም ጃን ሜዳ ለጥምቀት በዓል ስለ ተፈለገ ወደ ሀይሌ ጋርመንት መዛወሩን አንባቢው ያስታውሳል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) እኛ ሦስት የሥነ ሕይወት ተማሪዎች ወደዚያ የሄድነው ለክፍል ሥራ የሚሆን ካሮትና ጎመን በርካሽ ለመግዛት ነበር። ገና ጎሕ ሳይቀድ ደረስን። የጭነት መኪናዎቹ መብራታቸውን አጥፍተው በሚያራግፉበት ጥግ ጥቂት ስንቆይ አንድ ነገር አስተዋልን፤ ይኸውም ቲማቲሙ ሁሉ እንደ ከሰል ጠቁሮ ሲታየን፣ ጎመኑ ግን አረንጓዴነቱ ባይለይም ነጣ ብሎ ከጨለማው ተለይቶ መታየቱ ነው።

አንዲት በዕድሜ የገፉ ጎመን ሻጭ ግን እስሩን እያነሡ ጠውላጋውን ካልጠወለገው ይለያሉ። «እማማ፣ በዚህ ጨለማ እንዴት ይለዩታል?» ብንላቸው፣ «ልጆቼ፣ ዐይን ከተገኘ ጨለማም ይለመዳል። ጭንቁ ዳፍንት ላለበት ነው» አሉን። ከዚያም ታናሽ እኅታቸው በልጅነቷ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በረቱንና ምድጃውን መለየት እያቃታት ትወድቅ እንደ ነበር፣ ቤተ ሰቡም መጀመሪያ ቅብጠት መስሎት ይገሥጻት እንደ ነበር፣ በኋላ ግን የፍየል ጉበት ደጋግመው ቢያበሏት እንደ ዳነች አጫወቱን። «ጉበትና ዐይን ምን አገናኛቸው?» ብለው ጥያቄውን መልሰው ለእኛ ሰጡን። በዚያች ሰዓት የሰጠናቸው መልስ አጭርና ያልበሰለ ስለ ነበረ፣ እነሆ በዚህ መጽሔት ላይ ልናሟላው እንሞክራለን።

ዳፍንት ማለት ቀን እያዩ ማታ አለማየት ነው። ሙሉ ዕውርነት ስላልሆነ ብዙ ጊዜ ከበሽታ አይቈጠርም፤ የሚታመሙትም በአብዛኛው ሕፃናትና ነፍሰ ጡር ሴቶች ስለ ሆኑ አቤት የሚል የለም። ሕዝቡ ግን ለሕመሙ የራሱ የሆነ አንድ ቃል ማውጣቱ፣ ነገሩ እንግዳ እንዳልነበረ ያስረዳል። ጉበትን ለዐይን ማዘዝም የአንድ አገር ጥበብ ብቻ አይደለም፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ የተጻፈው ኤበርስ የተባለው የግብፆች የሕክምና ጥቅል ለዐይን ሕመም ጉበትን ያዝዛል። በመጽሐፈ ጦቢት ልጁ ጦብያ የአባቱን ዐይን ያዳነበት የዓሣ ሐሞት እንጂ ጉበት ስላልሆነ፣ አንዳንዶች እንደሚያደርጉት ያን ታሪክ ከዚህ ጋር ማገናኘቱ ስሕተት ይመስለናል።

ወደ ዋናው ነገር ከመግባታችን በፊት አንድ አነጋገር ማረም ይገባናል። ብዙ ጊዜ «ብርሃን የሚቀበሉ የዐይን ኤንዛይሞች» ሲባል ይሰማል። በትክክል ለመናገር ብርሃኑን የሚቀበለው ኦፕሲን የተባለው ፕሮቲን ከነእንግዳው ነው፤ እንግዳ ያልነው ሬቲናል የተባለው፣ የቪታሚን ኤ ልጅ የሆነው ትንሽ ውሑድ ነው። ኦፕሲን ራሱ ኤንዛይም አይደለም፤ ብርሃን ሲነካው ሌሎች ኤንዛይሞችን የሚያስነሣ አዛዥ ነው እንጂ። ኤንዛይሞቹ የሚያገለግሉት በአንድ በኩል የእርሱን ትእዛዝ ለማድረስ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ብርሃን ያበላሸውን እንግዳ አድሰው ወደ ቦታው ለመመለስ ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንከተለው ይህን ሁለተኛውን ወገን ነው፤ ዳፍንትም የሚመጣው ለዚህ እድሳት የሚሆነው ቪታሚን ሲያልቅ ነውና።

ይህ እድሳት የታወቀው ቀስ በቀስ ነው። በ1876 ፍራንዝ ቦል የተባለው ጀርመናዊ በሮም ሲሠራ፣ ከጨለማ የወጣ የእንቁራሪት ሬቲና ቀይ ሆኖ ብርሃን ሲያገኘው እንደሚነጣ አየ። ወዲያው የሃይደልበርጉ ቪልሄልም ኪውነ ነገሩን ተከታትሎ ቀለሙን በአልኮል ሳይሆን በሐሞት ጨው አሟሙቶ አወጣው፤ ከዚህም የሚበልጠው ግኝቱ፣ የነጣው ሬቲና ከጀርባው ካለው ጥቁር ሽፋን ተለይቶ ብቻውን ሲቀር ቀለሙ በሚገባ እንደማይመለስ፣ በሽፋኑ ላይ ሲያስተኙት ግን እንደሚመለስ ማሳየቱ ነው። ጥቁሩ ሽፋን አንድ የጎደለ ነገር ለሬቲናው ይሰጠዋል ማለት ነው። ያ ነገር ምን እንደ ሆነ ግን ከሃምሳ ዓመት በላይ ሳይታወቅ ቈየ።

በ1930 እንግሊዛዊው ቶማስ ሙር ካሮቲን የተባለው የዕፅዋት ብጫ ቀለም በአይጥ ሰውነት ውስጥ ወደ ቪታሚን ኤ እንደሚለወጥና በጉበት እንደሚከማች አሳየ። በዚያው ሰሞን በዙሪክ ፓውል ካረር የሁለቱንም አሠራር በኬሚካል ቀመር አስቀመጠ፤ ቪታሚኑ የካሮቲን ግማሽ ያህል ሆኖ ተገኘ። ከዚያም ጆርጅ ዋልድ የተባለው ወጣት አሜሪካዊ በ1933 በበርሊን፣ በዙሪክና በሃይደልበርግ እየተዘዋወረ ሲማር ቪታሚን ኤን በሬቲና ውስጥ አገኘ። በሃይደልበርግ ሳለ ብዙዎቹ ባልደረቦቹ ለዕረፍት ሄደው ሦስት መቶ ያህል እንቁራሪት በእጁ ስለ ወደቀለት፣ ከነዚያ ዐይን ሬቲናልን ለየ። ሂትለር ሥልጣን በያዘበት በዚያ ዓመት እንደ ዋልድ ያለ የአይሁድ ዘር ብዙ ሊቈይ አይችልምና ወደ አገሩ ተመለሰ፤ በ1967ም ኖቤል ተሸለመ።

በዚህ ላይ የሩት ሃባርድ ስም ሊቀር አይገባም። ይህች በቪየና ተወልዳ በ1938 ወደ አሜሪካ የተሰደደች ሴት፣ በ1950ዎቹ ከዋልድ ጋር ስትሠራ ሬቲናል በኦፕሲን ውስጥ ሳለ ጎባጣ መሆኑን፣ ብርሃን የሚሠራውም ሥራ ያን ጎባጣ ማቃናት ብቻ መሆኑን ካሳዩት ዋነኛዋ ናት። ከማየት ሥራ ሁሉ ብርሃን ራሱ የሚሠራው ይህችን አንዲት ነገር ብቻ ነው፤ የቀረው ሁሉ የኬሚካል ሥራ ነው። ሽልማቱ ሲሰጥ ግን እርሷ አልነበረችበትም፤ ፍርዱን ለአንባቢው እንተዋለን።

እንግዲህ የተቃናው ሬቲናል ከኦፕሲን ይለቅቃል፤ ኦፕሲኑም ባዶውን ስለሚቀር ብርሃን መቀበል ያቅተዋል። በዚህ ላይ በእንስሳት መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። በዝንብ ዐይን ውስጥ የተቃናው ሬቲናል ከቦታው አይለቅም፤ ሌላ የብርሃን ቅንጣት ሲመታው ተመልሶ ይጎብጣል። ብርሃን ያበላሸውን ብርሃን ያድሰዋል። አከርካሪ ያላቸው እንስሳት ግን፣ ከላምፕሬይ ጀምሮ እስከ ሰው ድረስ፣ በጨለማ ውስጥ ማደስ የሚያስችል ሥርዐት አላቸው፤ የተቃናው ተሸካሚ ተፈልጎለት ወደ ጥቁሩ ሽፋን ይሄዳል፤ በዚያም ጎብጦ ይመለሳል። ከብርሃን ወደ ጨለማ ስንገባ ዐይናችን ሙሉ ኀይሉን እስኪያገኝ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ የሚፈጅበት ይህ ምልልስ ጊዜ ስለሚወስድ ነው። የሀይሌ ጋርመንቱ ቲማቲምም የጠቆረብን በጨለማ የምናይባቸው ዘንግ መሰሎቹ ሕዋሳት ቀይ ብርሃን እምብዛም ስለማይቀበሉ ነው፤ አረንጓዴውን ግን በደንብ ይቀበሉታል። ዶሮ ገና ሳይጨልም ወደ ማደሪያዋ የምትገባው ዘንግ መሰሎቹ ጥቂት፣ የቀን ማያዎቹ ሾጣጣ ሕዋሳት ግን ብዙ ስለ ሆኑላት እንደ ሆነ በዚሁ ይታወቃል።

የሚያጎብጠውን ኤንዛይም ለማግኘት ሊቃውንቱ ብዙ ደከሙ። በ1993 ከጥቁሩ ሽፋን አንድ ፕሮቲን ተገኝቶ አር ፒ ኢ 65 ተባለ፤ ሥራው ግን አልታወቀም ነበር። በ1998 ይህ ፕሮቲን የሌላቸው አይጦች ተዘጋጅተው ቢመረመሩ፣ በጥቁሩ ሽፋን የተቃናው ክምችት ሞልቶ ሳለ ጎባጣው ጨርሶ ጠፍቶ ተገኘ። በመጨረሻ በ2005 ሦስት የምርምር ቡድኖች እየራሳቸው፣ የሚያጎብጠው ኤንዛይም እርሱ ራሱ መሆኑን አረጋገጡ።

የዚህ ኤንዛይም የዘር ሐረግ ሲመረመር የተገኘው ነገር እኛን እጅግ አስደንቆናል። አር ፒ ኢ 65 ካሮቲን ቈራጮች ከሚባሉት ኤንዛይሞች ቤተ ሰብ የተወለደ ነው። አንዱ ዘመዱ በአንጀታችን ውስጥ የሚገኘው፣ ከጎመንና ከካሮት የምናገኘውን ካሮቲን ከወገቡ ቈርጦ ሁለት ሬቲናል የሚያወጣው ኤንዛይም ነው። ሌላው ዘመዱ ደግሞ በበቆሎ ውስጥ ይገኛል፤ በ1997 የታወቀው ቪ ፒ 14 የተባለው የበቆሎ ኤንዛይም የካሮቲንን ወገን ቈርጦ፣ ዘሩ ያለ ጊዜው እንዳይበቅል የሚከለክለውን ሆርሞን ያስገኛል። እንዲሁ በባክቴሪያም ውስጥ ዘመዶች አሉት። የሁሉም መልክ አንድ ዐይነት ነው፤ በመካከላቸው አንዲት የብረት አቶም ሂስቲዲን በተባሉ አራት የፕሮቲን ክፍሎች ተይዛ ትገኛለች። ልዩነቱ ቈራጮቹ ኦክሲጅን ተጠቅመው ካሮቲኑን ሲቈርጡ፣ አር ፒ ኢ 65 ግን ካሮቲን አለመቍረጡ ነው፤ ቪታሚን ኤን ከተያያዘበት ቅባት ይለያል፤ በዚያውም ቅጽበት ያጎብጠዋል። ማጭድ ቢላዋ ሳይሆን ጕጠት ሆነ እንደ ማለት ነው፤ ብረቱ ግን ያው ብረት ነው።

ይህ ለውጥ መቼ ሆነ? በባሕር ወለል ላይ ተጣብቀው የሚኖሩት፣ አከርካሪ ባይኖራቸውም ከአከርካሪ ባለቤቶች ጋር የቅርብ ዝምድና ያላቸው የባሕር እንስሳት የዚህ ቤተ ሰብ ኤንዛይሞች አሏቸው፤ የማጎበጥ ሥራ ግን አልተገኘባቸውም። መንጋጋ የለሹ ላምፕሬይ ግን እውነተኛው አር ፒ ኢ 65 እንዳለውና እንደሚያጎብጥ በ2012 የታተመ ምርምር አሳየ። ስለዚህ ለውጡ የሆነው ሁለቱ ከተለያዩ በኋላ፣ መንጋጋ የለሾቹ ከቀሩት አከርካሪ ባለቤቶች ከመለየታቸው በፊት ነው፤ ይህም ከ500 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወዲያ ያለ ዘመን ነው። በዚያ ዘመን ነባሩ የቈራጭ ጂን ተባዝቶ፣ አንዱ ቅጂ ለአሮጌው ሥራ ሲቀር ሌላው ለአዲሱ ተለቀቀ ተብሎ ይታሰባል።

ከዚህም የሚያስገርመው የተሸካሚው ታሪክ ነው። በዘንግ መሰሎቹና በጥቁሩ ሽፋን መካከል ሬቲናልንና ቪታሚን ኤን የሚያመላልሰው ፕሮቲን አይ አር ቢ ፒ ይባላል። በ2023 በሳን ዲዬጎ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዳሳተሙት፣ የዚህ ፕሮቲን የቅርብ ዘመዶች የሚገኙት በሌሎች እንስሳት ዘንድ ሳይሆን በባክቴሪያዎች ዘንድ ነው፤ በዚያም ሥራቸው ፕሮቲን መቈራረጥ ነው። እንደ እነርሱ አባባል የአንድ ባክቴሪያ ጂን ከ500 ሚሊዮን ዓመት በፊት ወደ አከርካሪ ባለቤቶች ቅድመ አያት ዘር ገባ፤ እዚያም ሁለት ጊዜ ተባዝቶ አራት ክፍል ያለው አንድ ፕሮቲን ሆነ፤ የመቍረጥ ችሎታውን አጥቶ መሸከምን ተማረ።

በዚህ ዐይነቱ ነገር ላይ ጥንቃቄ ይገባል። በ2001 የሰው ልጅ የጂን ካርታ ሲታተም ከሁለት መቶ በላይ ጂኖች ከባክቴሪያ ተወርሰዋል ተብሎ ተነግሮ፣ በኋላ አብዛኛው እንደ ፈረሰ የሚታወስ ነው። የፈረሰበትም ምክንያት የጥቂት እንስሳት ካርታ ብቻ ስለ ነበረ፣ በሌሎቹ እንስሳት የጠፋው ጂን ከውጭ የመጣ መስሎ በመታየቱ ነው። የ2023ቱ ሥራ ግን እጅግ ብዙ ዐይነት ፍጥረታትን አነጻጽሮ የተነሣ ስለ ሆነ ከዚያኛው የተሻለ መሠረት ያለው ይመስለናል። እኛም የተቀበልነው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ በዚህ አመለካከት የሰው ዐይን አንድ ጊዜ ታስቦ የተሠራ ዕቃ አይመስልም። ተሸካሚው ከባክቴሪያ የመጣ ፕሮቲን ቈራጭ ነበር፤ አጎባጩ የካሮቲን ቈራጭ ነበር፤ የሚጎብጠውና የሚቃናው ሬቲናል ደግሞ እስከ ዛሬ ድረስ ዕፅዋት ከሚሠሩት ካሮቲን የሚገኝ ነው። አከርካሪ ያለው እንስሳ ሁሉ፣ ሥጋ በላው አንበሳም ቢሆን፣ ይህን ነገር ራሱ ፈጥሮ መሥራት አይችልም። በቀጥታም ሆነ በሌላ እንስሳ ጉበትና ቅቤ በኩል ከቅጠል መቀበል ግዴታው ነው። ይህ ጥገኝነት ግማሽ ቢሊዮን ዓመት ሙሉ አልተቋረጠም።

ማየት የማያስፈልገው እንስሳ ግን ይህን ሁሉ ወጪ ይቀንሳል። ለዚህ ምሳሌ የሚሆን እንስሳ በአገራችን ቈላ ይገኛል፤ ፀጉር አልባው ፍልፈል ነው። ይህን እንስሳ በሳይንስ ስም ያስመዘገበው በ1830ዎቹ መጀመሪያ ወደ አገራችን መጥቶ የነበረው የጀርመኑ ተጓዥ ኤድዋርድ ሪውፕል ሲሆን፣ በ1842 መግለጫውን ሲያሳትም የመጣበትን ቦታ ሸዋ ብሎታል። በምሥራቅና በደቡብ ምሥራቅ ቈላዎቻችን፣ እንዲሁም በሶማሊያና በኬንያ፣ ዕድሜውን ሙሉ ከመሬት በታች ይኖራል። በ2011 የጂን ካርታው ሲታተም፣ የዘንግ መሰሎቹ ኦፕሲን ደኅና ሆኖ ሲገኝ፣ ሌሎች አይጥ መሰሎች ያሏቸው ለረጅሙ የብርሃን ሞገድ የሚሆነው ኦፕሲን ግን ጠፍቶ ተገኝቷል፤ ከዐይን ሥራ ጋር የተያያዙ ሌሎች ብዙ ጂኖችም ተበላሽተዋል። ጂኖቹ ተቈጣጣሪ የሌላቸው ቤቶች ሆነው ፈረሱ፤ ማንም አላፈረሳቸውም።

በሰው ልጅ ላይ ግን እጦቱ የሚመጣው ከጂን ይልቅ ከምግብ ነው። በአገራችን ስለዚህ የተጻፈውን ስንመለከት፣ ሰፊ የሆነው የመጀመሪያው የሥነ ምግብ ጥናት በ1958 በአሜሪካ መንግሥት ኮሚቴ አማካይነት በወታደሮችና በሲቪሎች ላይ የተካሄደው ነው። በ1962 በስዊድን ርዳታ የሕፃናት የሥነ ምግብ ክፍል ተቋቋመ፤ ይህም በኋላ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ፤ በ1990ዎቹም ከጤና ምርምር ጋር ተዋሐደ። ፋፋ የተባለውን የልጆች ምግብ ለአገሩ ያስለመደው ይኸው ድርጅት ስለ ሆነ ስሙ ለአንባቢው አዲስ አይሆንም።

ዳፍንትንና ተከታዩን በሚመለከት ከሁሉ የሚበልጠው ግን በ1980ዎቹ መጀመሪያ በመላ አገሪቱ 6,636 ልጆችን በመመርመር የተደረገው ጥናት ነው፤ ውጤቱ በ1991 ታትሟል። መርማሪዎቹ የፈለጉት በ1863 የቦርዶው ሐኪም ቢቶ የገለጸውንና በስሙ የሚጠራውን፣ በዐይን ነጭ ክፍል ላይ የሚወጣ አረፋ መሰል ነጥብ ነበር፤ ሕፃን ልጅ ማታ እንደማያይ መናገር ባይችልም ነጥቡ ይናገርለታልና። ከመቶ አንድ ልጅ ላይ ተገኘ። የዓለም ጤና ድርጅት ነገሩን የሕዝብ ጤና ችግር የሚለው ከመቶ ግማሽ ሲያልፍ ስለ ሆነ፣ የእኛ ከገደቡ እጥፍ ነበር ማለት ነው። ደማቸው ሲመረመር ደግሞ ከመቶ 16 ያህሉ እጅግ ያነሰ፣ ሌሎች 44 ያህሉም አነስተኛ ቪታሚን ኤ ነበራቸው። ነጥቡ የሚታየው በጥቂቱ ላይ ቢሆንም፣ እጦቱ ከግማሽ በሚበልጡት ልጆች ዘንድ ነበረ።

በዚህ ጥናት ውስጥ ያስደነቀን የአካባቢዎቹ ልዩነት ነው። በአርብቶ አደሮች ዘንድ ከመቶ 1.6፣ እህል በሚዘራባቸው አገሮች 1.1፣ ቡናን የመሰለ የገበያ ሰብል ባለባቸው 0.4 ሲሆን፣ እንሰት በሚተከልባቸው አገሮች ግን አንድም አልተገኘም። ወተት በሚጠጣበት አገር ብዙ፣ ቆጮ በሚበላበት ምንም! እንሰት ራሱ ካሮቲን የሞላበት ምግብ አይደለም። እኛ እንደምንገምተው ምክንያቱ ከእንሰቱ ጋር አብሮ የሚገኘው ጓሮ ነው፤ በጥላው ሥር የሚበቅለው ጎመን ከቆጮ ጋር በቅቤ ይበላል፤ ካሮቲን ደግሞ ያለ ቅባት ከአንጀት ወደ ደም በደንብ አይሻገርም። ይህ ግን የእኛ ግምት መሆኑን አንባቢው ይወቅልን። ስለ አርብቶ አደሩ የምንለው ደግሞ፣ ላሟም ከቅጠል ካላገኘች ለወተቷ የምትሰጠው የላትም የሚል ነው። የቅቤን መልክ ያየ ሰው ይህን ያውቃል፤ በክረምት ሣር የተገኘው ቅቤ ብጫ ሲሆን የበጋው ነጣ ይላል። ብጫው ራሱ ካሮቲን ነው። ፍየልና በግ ካሮቲኑን ሁሉ ማለት ይቻላል ወደ ቪታሚን ስለሚለውጡት ቅባታቸው ነጭ ነው፤ ስለዚህ በመልክ ብቻ መፍረድ አይቻልም።

እጦቱ ሲበረታ ዳፍንት ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ የዐይን ብሌን ሽፋን ይደርቃል፣ ይቈስላል፣ በተለይ ኩፍኝ ሲጨመርበት በጥቂት ቀን ውስጥ ይፈርጣል። በአገራችን በሦስት የዐይነ ስውራን ትምህርት ቤቶች የሚገኙ 312 ተማሪዎች ተመርምረው በ2003 በታተመው ጥናት፣ ከመቶ 62 ያህሉ ዐይናቸው የጠፋው ከፊት ሽፋኑ ጠባሳ ወይም ከዚሁ የተነሣ የዐይን መሟሸሽ ሆኖ ተገኝቷል፤ ቪታሚን ኤ ማጣትና ኩፍኝም ከዋነኞቹ ምክንያቶች ተቈጥረዋል። በእርግጥ በጠቅላላው ሕዝብ ዘንድ የዕውርነት ዋናው ምክንያት የዐይን ሞራ ሲሆን ትራኮማም ተከታይ ነው፤ ነገር ግን ሞራ የሚመጣው በሽምግልና ነው፤ ይህኛው ግን ማየት ከጀመሩ ሁለትና ሦስት ዓመት ባልሞላቸው ላይ ነው።

አሁን በአገራችን ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ላሉ ልጆች በየስድስት ወሩ የቪታሚን ኤ እንክብል ይሰጣል፤ ቪታሚኑ በጉበት ስለሚከማች በየቀኑ መውሰድ አያስፈልግም። አንዱ እንክብል የሚያወጣው ዋጋ ጥቂት የአሜሪካ ሳንቲም ነው። በሌላ ወገን አር ፒ ኢ 65 የተባለው ጂን ተበላሽቶባቸው ለሚወለዱ ልጆች፣ ደኅናውን ጂን በመርፌ ወደ ዐይን የሚያስገባ ሕክምና በ2017 መጨረሻ በአሜሪካ ተፈቅዶ ለሁለቱ ዐይን 850,000 ዶላር ተተምኗል። የሁለቱም ልጆች ሕመም የሚጀምረው በማታ ነው። የአንደኛው ኤንዛይም ደኅና ሆኖ ሳለ የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ የለውም፤ የሁለተኛው ጥሬ ዕቃ ሞልቶ ሳለ ሠራተኛው የለም። ዓለም ስለ ሁለተኛው ከአንደኛው ይበልጥ ማውራቱን ልብ ብለናል፤ የሚያስደንቅ ሕክምና መሆኑን ባንክድም፣ በቁጥር የሚበዙት የትኞቹ እንደ ሆኑ የታወቀ ነው።

ወደ ሀይሌ ጋርመንት እንመለስ። የገዛነውን ጎመንና ካሮት በቤተ ሙከራ ፈጭተን፣ በአሴቶን አሟሙተን፣ በወረቀት ላይ ቀለማቱን ለየናቸው። ከካሮቱ እንደ ጠበቅነው አንድ ብርቱካናማ ብጫ መሥመር ወጣ። ከጎመኑ ደግሞ ሁለት አረንጓዴ መሥመሮች ከታች ሲቀሩ፣ ከሁሉ በላይ ቀድሞ የወጣው ያው ብጫ ነበር፤ በአረንጓዴው ተሸፍኖ ኖሯል እንጂ ከካሮቱ አንድ ነው።

በሳምንቱ ወረቀቷን ይዘን ወደ ጎመን ሻጯ ዘንድ ሄድን። «እማማ፣ እኅትዎን ያዳነው ይህ ነው፤ ጉበቱም ያገኘው ፍየሏ ከበላችው ቅጠል ነው» አልናቸው። ወረቀቷን ወደ ብርሃን አንሥተው ለረጅም ጊዜ አዩአትና፣ «ይኸ ብጫ ከእኔ ጎመን ወጣ ነው የምትሉኝ?» ብለው ጎረቤታቸውን ካሮት ሻጭ ጠርተው አሳዩአት። ለልጅ ልጃቸው ጎመኑን በዘይት አብስለው እንዲሰጡት ብንነግራቸው፣ «እናንተ ደግሞ! ያለ ዘይት ማን ይበላዋል፤ ዘይቱ ሲገኝ አይደል» አሉን። ወረቀቷ በብርሃን ፊት ከቈየች ብጫዋ እየነጣ እንደሚጠፋም ነገርናቸው፤ አጥፈው በመቀነታቸው ጫፍ ቋጠሯት።